ፍሬት አልባው የ1962 ቤዝ

አንደኛ አቅራቢ፦ የቤዝ ተጫዋቹ የጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 (እ.ኤ.አ.) ፌንደር ጃዝ ቤዝ ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች፣ ተነቅለው፣ ክፍተቶቹ በእንጨት ስቱኮ ተደፍነው ነበር። የአንገቱ ገጽ ላይ ደግሞ የጀልባ ኢፖክሲ ተቀባ። ለምን ይሆን?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ክሮች ከሮዝውድ እንጨት የተሠራውን ገጽ እንደ ሞረድ ይበሉታል። ኢፖክሲው ሲደርቅ ይጠነክራል፤ እንጨቱን ይጠብቃል፣ ድምፁንም ያደምቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው፣ በጃኮ ስም በተሰየመው አልበም ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

አንደኛ አቅራቢ፦ አሮጌ መሣሪያ አይነካ የሚሉ አሉ እኮ!

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ናቸው፤ ኦሪጅናል ዕቃው ሲጎድል ዋጋው ይወርዳል። ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚያነሳውን ክፍል) የቀየረ ሰው አሮጌውን ከነብሎኑ ያስቀምጥ። ፍሬት የሚነቅልም በመበየጃ ያሙቀው፤ ሙጫው ይላላል፣ እንጨቱም በቀላሉ አይሰነጠቅም።

አንደኛ አቅራቢ፦ የጃኮ ቤዝስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ተሰባብሮ ተጠገነ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰረቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲገኝ የሜታሊካው ቤዝ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ ገዛው።