የእንግሊዝኛ ንግግር በቆላው ተማሪ አንደበት



በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት በምትተያየው በመተማ ዮሐንስ ገበያ የሚውል ልጅ፥ መምህር ሳያስተምረው ከሱዳን ነጋዴ ጋር በዐረብኛ ዋጋ ሲከራከር ይሰማል። ይኸው ልጅ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ተምሮ ሳለ፥ ስሙንና አገሩን ከተናገረ በኋላ አንደበቱ ይተሳሰርበታል። ይህ ከምን የመጣ ነው? አእምሮው እንዳልደነዘዘስ ዐረብኛው ምስክር ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ልምምድ ማጣት ነው። ዐረብኛውን በየቀኑ ይሠራበታል፤ እንግሊዝኛው ግን ደወል ሲደወል ከደብተሩ ጋር አብሮ ይታጠፋል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በገበያ የተሳሳተ ይታረማል፤ በክፍል የተሳሳተ ይሣቅበታል፤ ስለዚህ ተማሪው ዝምታን ይመርጣል። ሦስተኛው የፈተናው ጠባይ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መልስ በመምረጥ የሚሠራ እንጂ አንደበትን የሚመዝን ስላልሆነ፥ መምህሩም ተማሪውም ወደ ሰዋስው ያዘነብላሉ። አራተኛው የአገሩ ወቅት ነው። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ትምህርት በሚጀመርበት በመስከረምና በጥቅምት በመሆኑ፥ ብዙ ወጣት የዓመቱን መጀመሪያ በእርሻ ላይ ያሳልፋል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ያልቻለ ተማሪ የሚያጣው ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም ነው። በ1990ዎቹ ወደ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ጥሩ እንግሊዝኛ አሰምቷል፤ ነገር ግን መስተዋቱ ቢጠይቁት የማይመልስ በመሆኑ፥ ጆሮን እንጂ አንደበትን አላሠለጠነም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህም ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። በእነርሱና በውጭ አገር የርዳታ ሠራተኞች መካከል ለመቆም፥ አማርኛና ዐረብኛ የሚያውቀው የአገሩ ልጅ የሚጐድለው እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ከገበያው የሚገኝ ነው። መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ተማሪዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ ያነጋግራቸው፤ ስሕተታቸውንም ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ያርም። ከአጨዳ የተመለሰውንም ተማሪ ስለ መዘግየቱ ከመገሠጹ አስቀድሞ፥ ያየውንና የሠራውን በእንግሊዝኛ ያስተርከው። ወላጆችም የልጃቸውን የተሰባበረ ንግግር በትዕግሥት ያድምጡ። ቋንቋ በአፍ ይለመዳልና፥ በገበያ የተቻለው በክፍል የማይቻልበት ምክንያት የለም።