አኃዝን በሥዕልና በትረካ ስለ ማስረዳት



ቁጥር መሰብሰብና በሠንጠረዥ ማስፈር የዘወትር ሥራችን ነው። የሰበሰብነውን ለሚወስነው ሰው ማስረዳት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ይታያል፤ ሪፖርቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት አንድ ግራፍ ይታከልበትና ሥራው ተፈጸመ ይባላል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ሥዕልና ትረካ የሪፖርት ጌጥ ሳይሆኑ የምርመራው አካል መሆናቸውን ለማስገንዘብ ነው። ለዚህም ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ታሪክ እንደገና እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1854 መጨረሻ በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ። በብሮድ ስትሪት ዙሪያ በ10 ቀን ውስጥ ለሞት የዳረገው በሽታ ከ500 በላይ ሰዎችን ያዘ። የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ ኮሌራ ከተበላሸ አየር የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን በውኃ እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1849 ጽፈው ነበር። ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ይባላል፤ ዶክተሩ የሟቾችን ቤት በካርታ ላይ አመለከቱ፤ ምልክቶቹ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ፤ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ በሽታውም ቆመ።

ነገሩ የሆነው ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይደለም። እጀታው የተነቀለው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1854 ሲሆን ካርታው የታተመው በ1855 ነው። ስኖው የአጥቢያውን ሹማምንት ያሳመኑት ከሞት መዝገብ ባገኙት የ83 ሟቾች ዝርዝርና ከየቤቱ ጠይቀው ባመጡት ቃል ነው። ከ83ቱ መካከል 10ሩ ብቻ ለሌላ ፓምፕ በሚቀርቡ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም የ5ቱ ቤተ ሰቦች ዘወትር ከብሮድ ስትሪት ውኃ ያስቀዱ እንደ ነበር ተናገሩ፤ 3ቱ ደግሞ በዚያው ፓምፕ አጠገብ ትምህርት ቤት የሚውሉ ሕፃናት ነበሩ። በሽታው በበኩሉ፣ ብዙው ሕዝብ ሰፈሩን ለቅቆ በመሸሹ፣ እጀታው ሳይነቀል ገና መቀነስ ጀምሮ ነበር። ይህንንም ስኖው ራሳቸው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

የፍሳሽ ቦዮች መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የነበሩት ኤድመንድ ኩፐርም የዚያኑ ሰፈር ሟቾች በካርታ ላይ አስፍረው ነበር። የእርሳቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የቦዮቹ ሥራ የጥንት የቸነፈር ሟቾችን መቃብር ስለ ነካ በሽታው ተነሣ የሚለው ወሬ እውነት ነውን? ካርታቸው ወሬው መሠረት እንደሌለው አሳየ። ስለ ውኃው ግን አልተጠየቀም፤ አልመለሰምም። ሟቾቹ ያው ናቸው፤ ሥዕሉን የለየው ጥያቄው ነው።

የስኖው ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ከመስመር ስለ ወጡት ቁጥሮች ነው። በፓምፑ አቅራቢያ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድኾች መጠለያ ነበር፤ በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ለካስ መጠለያው የራሱ ጕድጓድ ነበረው። በዚያው መንገድ ላይ ከ70 በላይ ሠራተኞች ካሉት የቢራ ጠመቃ ቤት አንድም ሰው አልሞተም፤ ሠራተኞቹ የሚጠጡት ከጠመቃው ነበርና። በሌላ በኩል ከሰፈሩ ርቀው በሃምፕስቴድ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ሞቱ፤ የብሮድ ስትሪትን ውኃ ጣዕም ስለ ወደዱት በየቀኑ በጋሪ ያስመጡ ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች ሥዕሉን ያበላሻሉ ብሎ የሚሰርዝ ሰው የማስረጃውን ልብ አውጥቶ ይጥላል። ትረካ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱ የት እንደ ሞቱ ያሳያል፤ ምን እንደ ጠጡ የሚነግረን ትረካው ነው።

ያም ሆኖ የመንግሥቱ የጤና ቦርድ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1855 ይህን ሐሳብ አልተቀበሉትም። የሰፈሩ ካህን ሄንሪ ኋይትሄድ ግን የስኖውን አባባል ሐሰት ነው ለማለት ተነሥተው፣ በየቤቱ ሲጠይቁ ሰንብተው፣ በመጨረሻ ደጋፊው ሆኑ። መልካም ማስረጃ ተቃዋሚው ራሱ ሊመረምረው በሚችል መልክ የቀረበ ነው።

ይህ ትምህርት ለእኛም ሥራ ቅርብ ነው። የበሽተኞችን ቁጥር በወር በወሩ በግራፍ ስናሰፍር ጳጕሜንን እንደ አንድ ወር ብንቈጥራት መስመሩ በየዓመቱ መጨረሻ ወደ ገደል ይወርዳል። የወረደው ግን በሽታው አይደለም፤ ቀኖቹ 5 ወይም 6 ብቻ ስለ ሆኑ ነው። በቀን አማካይ ብናሰላው ገደሉ ይጠፋል። የወባን ግራፍም ከመስከረም ብንጀምር፣ ወባ የሚበረታባቸው የመስከረምና የጥቅምት ወራት በግራ ዳር፣ ትንኟን ያራባው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በቀኝ ዳር ይቀራሉ፤ ምክንያትና ውጤት ይለያያሉ። በበጀት ዓመት ከሐምሌ ብንጀምር ግን ዝናቡ ቀድሞ፣ ወባው ተከትሎ በአንድ መስመር ይታያል። ቁጥሩ አልተነካም፤ የመድኃኒቱና የአጎበሩ ማከፋፈያ ወር የሚወሰነው ግን በዚህ ሥዕል ነው።

ስለዚህ ሥዕል ከመሣላችን በፊት ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ፤ የምመልሰው ጥያቄ የትኛው ነው? ከመስመር የወጣውን ቁጥር ሄጄ ጠይቄዋለሁን? የማይስማማኝ ሰው ይህን አይቶ ሊፈትነኝ ይችላልን?

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ብርሌ ጠጁን ያሳያል፤ አተላውንም አይደብቅም። ሥዕላችንና ትረካችን እንዲሁ ይሁን።