ምንም አልፈልግም ለሚል አባት



ገና ሲቃረብ ብዙዎቻችን «ለአባቴ ምን ልግዛለት?» እንላለን። እናት በነጠላም ደስ ይላታል። አባት ግን «እኔ ምን ጎደለኝ? ለልጆቹ አድርጉት» ይላል። የእኔ አባት የገዛንለትን ጋቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተጠለለ ተፈናቃይ ሰጥቶ መጣ። ለተቀበለው ደስ ብሎናል፤ የመቐለ የታኅሣሥ ብርድ ግን ለእሱም ብርድ ነው።

ነገሩ ኩራት ብቻ አይመስለኝም። ከሰኔ 2013 በኋላ ባንክ ተዘግቶ ጡረታ ሲቋረጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ የኖረ አባት የልጆቹን እጅ ማየት ጀመረ። ስጦታ ስናመጣለት ያ ጊዜ ይታወሰዋል።

ስለዚህ ተመልሶ ሰጪ የሚያደርገውን ነገር ብንሰጠውስ? ማር ለምሳሌ፤ ከተቻለ የአጽቢ ነጭ ማር። ውድ ነውና እህትና ወንድም ያዋጡ። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ካደረሳችሁለት ለገና ሜስ ለመጣል በቂ ጊዜ አለ። ጌሾ መውቀጡና መጣሉ መቼም የእኛው ሥራ ነው! ማን እንደሚጠራ ግን እሱ ይወስን፦ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ልጁን በጦርነቱ ያጣውን ጎረቤቱን። በዕለቱም እንግዶቹን «ጠጡ፣ ተጫወቱ» የሚለው እሱ ይሁን።

መጠጥ ለማይነካ አባት ደግሞ ከዚያው ማር ብርዝ ይበጠበጥለታል።