ስድስት ሰው፣ አንድ ቁልፍ

በጎጃም ከግሽ ዓባይ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ቤተሰብ በሶ አስፈጭቶ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ይሸኛል። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ጅማም ሊደርሰው ይችላል፣ ጅግጅጋም።

ዶርም የሚደለደለው ብዙ ጊዜ በስም ፊደል ተራ ነውና በአንድ ክፍል ሦስት አበባው ቢገናኝ አይገርምም። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ፍራሽ አስፈርሞ ያስረክባል። የቀረውን ሕግ የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው። መብራት መቼ ይጥፋ? ሶኬቱ ለማን ስልክ ይቅደም? የጽዳት ተራ ተጽፎ በሩ ጀርባ ይለጠፋል፤ ሁለት ሳምንት ከተከበረ ትልቅ ነገር ነው። ቁልፉ አንድ ከሆነ የበሩ ክፈፍ ላይ ይቀመጣል፤ ብሎኩ ሁሉ የሚያውቀው ምስጢር! በሶው ግን ተራም ቁልፍም አያውቅም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃል።

አብሮ ማደሩ ለጎጃም አዲስ አይደለም። በዋሸራና በመሰሎቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ በአኮፋዳ ለምኖ ያመጣውን ከሩቅ አገር ከመጣ ጓደኛው ጋር ይቋደሳል። እዚያ ፕሮክተር የለም፤ የኔታ አሉ። ዕዳም የለም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ 15 በመቶውን ተመርቆ ሊከፍል ውል ይፈርማል። አልጋው በነፃ የሚመስላቸው ወላጆች ግን ዛሬም አይጠፉም።

እኔ ከሁሉ የማከብረው የዶርሙን ተጠሪ ነው። ደመወዝ የለው፣ ሥልጣን የለው፤ አምፖል ሲቃጠል ፕሮክተር ቢሮ የሚመላለሰው ግን እሱ ነው።