የዘፈን ባለቤት ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን «ኦ ሱዛና» የተባለውን የአሜሪካን ዘፈን ተምረን ነበር። የጅጅጋ፥ የአውበሬና የቀብሪ በያህ ልጆች አንድ ላይ ሆነን እየጮኽን እንዘፍነው ነበር። ማን ደረሰው፥ ስለ ማንስ ተደረሰ ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ዘግይተንም ቢሆን ዛሬ ማታ ልንጠይቅ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዘፈኑን የደረሰው ስቲቨን ፎስተር የተባለ የፒትስበርግ ወጣት ነው። በ1847 በዚያው ከተማ በአንድ አይስክሬም ቤት ውስጥ ለሕዝብ ተሰማ። በዚያ ዘመን ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፥ የጥቁሮችን አነጋገርና አረማመድ እያስመሰሉ ሰው የሚያስቁበት «ሚንስትረል» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው። የሚመቱት ባንጆ እንኳ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱት ሰዎች የተገኘ ነው። «ኦ ሱዛና»ም በዚህ ልማድ የተደረሰ ነው፤ ዛሬ የማይዘፈነው ሁለተኛው አንጓ ጥቁሮችን በስድብ ስም ጠርቶ በሞታቸው ይቀልዳል። እኛ አፍሪካውያኑ ይህን ሳናውቅ እናጨበጭብለት ነበር።

በ1848 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የወጣው የአንድ ሚንስትረል ቡድን ስም እንጂ የፎስተር ስም አልነበረም። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የጎረፈው ሕዝብ ዘፈኑን ይዞት ሄደ። አታሚዎች እየተቀባበሉ ሲያትሙት ደራሲው ያገኘው 100 ዶላር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ፎስተር በ1864 በ37 ዓመቱ ሲሞት በቦርሳው የተገኘው 38 ሳንቲም ነበር።

እንግዲህ ዘፈን በመንገደኛ እጅ ሲዛመት የደራሲው ስም መንገድ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል አየን። በእኛስ መንገድ ላይ ምን ሆነ?

በ1940ዎቹ አጋማሽ ግድም አብዲ ደቅሲ የተባለ የቦረማ አካባቢ ተወላጅ የካሚዮን ሾፌር ነበረ፤ ሕዝቡ «አብዲ ሲኒሞ» ይለዋል። እንደሚተረከው ካሚዮኑ በምድረ በዳ ተበላሽቶበት መጠገን ቢያቅተው ብሶቱን በአጭር ግጥም አንጎራጎረ። ከዚህ የተነሣው ዘፈን «ባልዎ» ተባለ፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መከራ ማለት ነው። ባልዎ በጥቂት ስንኝ የሚያልቅ የፍቅር ዘፈን ነው። ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች ጋር ወደ ጅጅጋ፥ ወደ ድሬዳዋ፥ ወደ ሐርጌሳና ወደ ጅቡቲ ተጓዘ። ሼኮቹ ወጣቱን ያበላሻል ብለው አወገዙት፤ ወጣቱ ግን አልተወውም። በኋላም ብዙ ባልዎዎች እየተቀጣጠሉ «ሄሎ» የሚባለው ረዘም ያለ ዘፈን ተወለደ። አብዱላሂ ቀርሼ ኡድ ጨመረበት፤ ከ1960 በፊት በነበሩት ዓመታትም የነጻነት ጥያቄ ማሰሚያ ሆነ።

በሶማሌ ባሕል አንድ የከበረ ደንብ አለ። የሌላውን ሰው «ገባይ»፥ ማለት ረጅሙንና የተከበረውን ግጥም፥ በቃሉ የሚያሰማ ሁሉ የደራሲውን ስም መጥራት አለበት። ማተሚያ ቤት የነበረው የፎስተር አገር ስሙን ከሽፋን ላይ ሲያስቀር፥ ወረቀት ያልነበረው የእኛ አገር የሾፌሩን ስም እስከ ዛሬ ያቆየው ከዚህ ልማድ የተነሣ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ልንኮራ አይገባንም። ባልዎ አጭር በመሆኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የብዙዎቹ ደራሲዎች ስም ጠፍቷል። የመጀመሪያዎቹን ባልዎዎች በወጣትነቱ የሰማ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት የሞላው ወይም የሚጠጋው ነው። እኛ ደግሞ የሱዛናን ዘፈን በቃላችን ስንወጣ አያቶቻችንን አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህ ነው። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ወደ ቤታችን እንሂድ። ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ማን ደረሰው፥ የት ተሰማ፥ ማንን ያከብራል፥ ማንንስ ያዋርዳል ብለን ጠይቀን እንጻፍ። የደራሲው ስም የማይገኝ እንደ ሆነ የነገሩንን ሰው ስም፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ እናስፍር። መምህሮቻችን አሠራሩን ቢያሳዩን፥ ማኅበሩም ከዚህች ጋዜጣ አንድ ገጽ ቢለቅልን፥ ሥራው ይጀመራል።