ስለ ዐመለኛው ፒያኖ ተጫዋች ስለ ኦስካር ሌቫንት የተደረገ ዲስኩር



አንድ ሰው በሲኒማ መጋረጃ ላይ ያየውን ፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላስል መኖሩ የሥራ ፈት ነገር መስሎ እንደሚታይ ሳልዘነጋ፥ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት፥ ሲጋራ ከእጁ የማይለየው፥ ዐይኖቹ በሐዘን የከበዱ፥ አንደበቱ ለሽሙጥ የፈጠነ፥ ነገር ግን ጣቶቹ ፒያኖውን በነኩ ጊዜ ሌላ ሰው ስለሚሆነው ስለ ኦስካር ሌቫንት ልናገር ነው።

ሌቫንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ፥ ከሩሲያ ከተሰደዱና የኦሪትን ሕግ ከሚጠብቁ አይሁድ ተወለደ፤ በ1922 ከእናቱ ጋራ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ከፖላንዳዊው መምህር ከስቶዮቭስኪ ዘንድ ተማረ። የሕይወቱን መንገድ የወሰነው ግን መምህር ሳይሆን ወዳጅ ነው፤ ይኸውም የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ገርሽዊን ነበር። ገርሽዊን በ1937 ራሱ ውስጥ በበቀለ ዕጢ ምክንያት ገና በ38 ዓመቱ ሲያርፍ፥ ሌቫንት የወዳጁ ሙዚቃ ዐቃቢ ሆኖ ቀረ። የወዳጅን ርስት መጠበቅ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ማሳ ሲያርሱ የራስን መሬት ጦም ማሳደርም አለ፤ እርሱም ከታላቁ ሊቅ ከአርኖልድ ሸንበርግ እግር ሥር ተቀምጦ ድርሰት የተማረ ሰው ሲሆን፥ ውሎ አድሮ ድርሰቱን ተወው።

ሆሊውድ ለእንዲህ ያለ ሰው የሰጠችው መዓርግ አንድ ነው፤ የዋናው ተዋናይ ጓደኛ መሆን። ሌላው ቆንጆዪቱን ያገባል፥ ሌቫንት ፒያኖው አጠገብ ቀርቶ ይቀልዳል። ብዙ ጊዜ ተዋናዩ ሙዚቃ የማያውቅ ስለሚሆን የካሜራው ሰው ፊቱን ለብቻ፥ የሌላ ሰው እጅ ለብቻ እያነሣ ተመልካቹን ያታልላል፤ ለሌቫንት ግን ይህ ተንኰል አላስፈለገም፤ ካሜራው ከፊቱ ወደ ጣቶቹ ሳያፍር ይወርዳል።

ከፊልሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቪንሰንት ሚኔሊ በ1951 ያዘጋጀው «አንድ አሜሪካዊ በፓሪስ» ነው። በዚህ ፊልም ሌቫንት፥ በስኮላርሺፕ ላይ ስኮላርሺፕ እየተቀበለ የሚኖር፥ ነገር ግን አንድም ቀን በሕዝብ ፊት ያልተጫወተ ሙዚቀኛ ሆኖ፥ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲያልም እናየዋለን። በሕልሙ የገርሽዊንን «ኮንቸርቶ ኢን ኤፍ» ሦስተኛ ክፍል ይጫወታል፤ ኦርኬስትራውንም የሚመራው እርሱ ነው፤ ቫዮሊን የሚጫወቱት እርሱ ናቸው (ሰዋስዉ ይቅር ይበለኝና)፤ ከበሮውንም ናሐሱንም የሚመታው እርሱ ነው፤ በመጨረሻም ከተመልካቾች መካከል ተነሥቶ «ብራቮ» የሚለው ያው ሌቫንት ነው። ሕዝቡ በዚህ ይሥቃል፥ እኔም ሥቄአለሁ፤ ነገር ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ይህ ኮንቸርቶ በ1925 በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ገርሽዊን ራሱ ነበር። እንግዲህ ሌቫንት በገዛ ሕልሙ አዳራሹን ሁሉ በራሱ መልክ ሲሞላ፥ ያልያዘው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ የደራሲው ወንበር።

ከዚያ በኋላ የልብ ሕመም፥ የመድኃኒት ሱስና የአእምሮ ጭንቀት ተፈራረቁበት፤ ሌሎች በዚያ ዘመን በቤታቸው ይሸሽጉት የነበረውን ደዌ እርሱ በቴሌቪዥን ፊት ቀልድ እያደረገ ተናዘዘበት። ያው ሚኔሊ በ1955 «ዘ ኮብዌብ» በተባለው ፊልም የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ቤት የሚኖር በሽተኛ አድርጎ አሠራው፤ ይህን ጨካኝነት ነው እላለሁ፥ ምንም እንኳ ሌቫንት ራሱ እሺ ብሎ የገባበት ቢሆን። በ1972 በቤቨርሊ ሂልስ ዐረፈ።

እኔም ያንን የሕልም ትርኢት ባየሁ ቍጥር፥ አሁን አሁን ዐይኔ ፒያኖውን የሚመታውን ሌቫንት ትቶ፥ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ለብቻው የሚያጨበጭበውን ይፈልጋል።