ለአባላት የተመስጦ አፕ እንግዛ ወይስ አንግዛ?

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከአንዲት ደጋፊያችን የመጣ ደብዳቤ ተነቦልን ነበር። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ላለባቸው አባላት የተመስጦ አፕ በስልካቸው ላይ እንዲጫንላቸው፣ የዓመቱንም ክፍያ እሷ እንድትሸፍን ነበር ሐሳቡ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም «ስልክ ትችያለሽ፤ የሚሻለውን መርጠሽ ንገሪን» ተብዬ ኃላፊነት ተሰጠኝ። ወሩን ሙሉ ስሞክር ቆይቻለሁ። ያገኘሁትን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ተመስጦ ማለት ሐሳብን ከወዲያ ወዲህ ከመሮጥ መልሶ አንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ትንፋሽ ላይ፣ ማሳረፍ ነው። አፑ ደግሞ «አየር ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ አስወጪ» እያለ የሚመራ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ድምፁ እንግሊዝኛ ስለሆነ አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትተረጉምልኛለች። «እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ ይላል። ሰላም የሚሰማሽ ቤት ውስጥ እንዳለሽ አስቢ ይላል» አለችኝ። ጨፈንኩ። የመጣብኝ ግን በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ጥዬው የወጣሁት ቤት ነው። ልቤ መምታት ጀመረ፤ እጄ በላብ ራሰ። ልጄ ስልኩን ዘግታ ውኃ አመጣችልኝ። ያን ሌሊት እሷም እኔም አልተኛንም። «ሰው የሚያርፍበት ነገር እኔን የሚያስጨንቀኝ ምን ሆኜ ነው?» እያልኩ ራሴን ስወቅስ አደርኩ።

በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ ጠየቅሁ። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ነገረችኝ። በመከራ ያለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የተቀበረው ትዝታ ሊነሣበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት ላይ ጫን አድርጎ፣ የሚያየውንና የሚሰማውን እየቆጠረ ቢጀምር ይሻለዋል። ካስጨነቀው ደግሞ ማቆም አለበት፤ ማቆም መሸነፍ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰውን፣ ከዚያም የ2014ቱን ስናስብ፣ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ትዝታ የሌላት ስንት ናት? ስለዚህ አፕ ከመምረጣችን በፊት አምስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ በማን ቋንቋ ይናገራል? የታወቁትን ሄድስፔስንና ካልምን ከፍቼ አማርኛ አጣሁባቸው። እናት የልቧን ጭንቀት በልጇ አስተርጓሚነት ልታቀል አትችልም። ልጂቱም ልትሸከመው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ አትረሱትም። ሰው በጣም የሚጨነቀው ደግሞ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዳታውን አጥፉና አፑን ክፈቱት። ኢንሳይት ታይመር የሚባለው ብዙ ነፃ ቅጂ አለው፤ ያለ ኢንተርኔት ለማዳመጥ ግን ክፍያ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ነፃ ሲል እስከ መቼ ነው? ብዙዎቹ ለጥቂት ቀን በነፃ አስሞክረው፣ ካላቋረጣችሁት በራሱ ጊዜ ሂሳብ መቁረጥ ይጀምራሉ። ሜዲቶ የሚባለው በበጎ አድራጎት ድርጅት የተሠራና በነፃ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ መሞከር የምትፈልግ በዚህ ትጀምር፤ ገንዘብ አታወጣም።

አራተኛ፣ ምስጢሬን ማን ያየዋል? አንዳንዱ አፕ «ዛሬ ምን ተሰማሽ? ጻፊ» ይላል። ሞዚላ የሚባል ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 32 የአእምሮ ጤናና የጸሎት አፖችን መርምሮ 28ቱ ላይ የግል መረጃ አያያዛቸውን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ ለጥፎባቸዋል። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ቤተርሄልፕ የተባለውን የምክር አገልግሎት ድርጅት፣ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል በማለት 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ይህ ሩቅ አገር ነው ትሉ ይሆናል። ቅርቡን ደግሞ አስቡት፤ ስንቶቻችን የምንጠቀመው የባላችንን ወይም የልጃችንን ስልክ ነው? እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ምስጢር አይሆንም። አፑ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን ወይም ያላችሁበትን ቦታ ካልሰጣችሁኝ ካለ ደግሞ ተዉት። ለትንፋሽ ልምምድ ይህ ምን ያደርግለታል?

አምስተኛ፣ ልኩን ያውቃል? አፕ ሐኪም አይደለም። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላት፣ ሥራም ልጆችም ካስጠሏት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ ከሆነ፣ ወይም መሞትን ካሰበች፣ ያችን እህት በስልክ አትተዉአት። አብራችኋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሞትን ካሰበች ደግሞ ለነገ አትበሉ፤ ብቻዋንም አትተዉአት። መድኃኒት የጀመረችም አፕ አግኝቻለሁ ብላ እንዳታቆም።

«ይህ የሌላ ሃይማኖት አይደለም ወይ?» ያላችሁኝም አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሄድስፔስን ከመሠረቱት አንዱ ቀድሞ የቡድሃ መነኩሴ ነበር፤ አንዳንዱ ትምህርትም ከዚያ የመጣ ነው። ትንፋሽን መቁጠር ግን የማንም ሃይማኖት አይደለም። ክርስቲያኗ ጸሎቷን፣ ሙስሊሟ ሶላቷን እንደያዘች ልትለማመደው ትችላለች። ልቧ ያልፈቀደላት ደግሞ ትተወው፤ ማንም አያስገድዳትም።

አሁን የልቤን ልናገር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። በኡጋንዳ ራይኖ በተባለ መጠለያ የሚኖሩ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት ነው። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ በቡድን እየተሰበሰቡ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአምስት ሳምንት፣ በራሳቸው ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ አዳመጡ፤ አብረውም ተለማመዱ። የመሯቸው አጭር ሥልጠና የወሰዱ እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ጭንቀታቸው ትምህርቱን ካልወሰዱት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ለውጡ መጀመሪያ ላይ ከታየው አነስ ብሏል፤ ቢሆንም አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚሁ ትምህርት የወጣ፣ በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍና የድምፅ ልምምዶችን በነፃ አውጥቷል።

እኔን የነካኝ ሴቶቹ ለየብቻ ስልክ ይዘው አለመቀመጣቸው ነው። አንድ ድምፅ፣ አንድ ክፍል፣ ብዙ ሴት። ይህማ እኛ ዘንድ አለ! ቡና አለን፤ እቁብና እድር አለን። ደብረ ሲና ብርዱ ላይ ቆሎ የምንሸጠውም፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ውስጥ ሽንኩርትና ማሾ የምትነግዱትም በወር አንድ ቀን መገናኘታችን አልቀረም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የዓመት ክፍያ አንግዛ። በምትኩ የጤና ባለሙያ አይታ ያረመችውን አጭር ልምምድ በአማርኛ፣ በራሳችን ድምፅ እንቅዳ። ዓይን ገልጦ፣ እግር መሬት አስረግጦ የሚጀምር ይሁን። በብሉቱዝ እንቀባበለው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልክ የሌላት ቡና ላይ አብራን ትሰማለች። ወዳጃችን የመደበችው ገንዘብ ደግሞ፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ለአንድ ነገር ይቀመጥ፦ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ለተላከች እህትና ለምትሸኛት ሴት የመሳፈሪያ ገንዘብ። ከእኛ መካከል ማዘዣ ወረቀቷን ይዛ መሳፈሪያ አጥታ የቀረች አለች። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ታውቃለች።

እኔ ራሴ አሁን በየማታው አምስት ደቂቃ ያህል ዓይኔን ሳልጨፍን እቀመጣለሁ። የወንበሩን እግር፣ የምጣዱን አክንባሎ፣ የልጄን ጫማ እያየሁ እተነፍሳለሁ። አንዳንድ ሌሊት እተኛለሁ፤ አንዳንድ ሌሊት አልተኛም። ያልተኛሁ ዕለት ጠዋት የምነግራት ጎረቤት አለችኝ።

ሐሳቤን ለውይይት አቀርባለሁ። የምትቃወሙ ካላችሁ ተናገሩ፤ ውሳኔው የሁላችንም ነው።